ከሺህ ሦስት

ከሚሴ፣ መስከረም 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለፊርደውስ ቃሲም፣ አዲስ አበባ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጉልበቴን ጠይቀሻል፤ ደረጃ ያወጣኛል፣ ያወርደኛል። ዓይኔን ጠይቀሻል፤ ክር በመርፌ አስገባለሁ። እንቅልፌን ጠይቀሻል፤ እሱን ተይው። «አሁንም ስለ እናቴ ያለቅሳሉ ወይ?» ላልሽው፣ አላለቅስም። ዘይና ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ላንቺ እናት፣ ለኔ ያሳደግኋት ታናሽ እህት ነበረች። የሚለቀሰውን አልቅሼ ጨርሻለሁ። አሁን ሌላ ሥራ ይዣለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ የጤና ስብሰባ ነበር። ጡረታ የወጣን ሠራተኞችም ተጠርተን የኋላ ወንበር ተሰጠን። የዞኑን ወረዳዎች በሴቶች ካንሰር አወዳድረው በሰሌዳ አሳዩን፤ ከየወረዳው ስንት ሴት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ፣ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ሆና፣ ሆስፒታል እንደደረሰች። ከሁሉ ያነሰው ቡርቃ ዲማ ወረዳ ሆነ፤ ከሁሉ የባሰው ከሚሴ ከተማ። ከዚያ የቡርቃ ዲማ ጤና ጣቢያ ኃላፊ አቶ ጀሚል ተጠርቶ መስታወት የገባ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ተጨበጨበ። አጠገቤ የነበረችው ሴት «እርስዎ አያጨበጭቡም እንዴ?» አለችኝ። እጄን በሻርፔ ጠቀለልሁት።

ጀሚል እናትሽን አሥራ አንድ ወር ኪኒን እየሰጠ የመለሳት ሰው ነው። አንዲት ገጽ የሪፈር ወረቀት ለምናው አልጽፍም አላት። ከጣቢያው ወደ ሌላ የሚላክ በሽተኛ ከበዛ ጣቢያው ደካማ ይባላልና አይልክም። እሷ ያገባችው እዚያ ስለሆነ ሌላ በር አልነበራትም። በጥር ስብሰባ ሊሾሙት ነው ይባላል።

አንቺ የምትሠሪው የካንሰር ሕሙማን ካርድ በሚቀመጥበት ክፍል ነው። የምፈልገው ይህን ነው፦ ባለፉት አምስት ዓመታት ከዞናችን የመጡ ሴቶች፣ ከየትኛው ወረዳ፣ በስንተኛ ደረጃ ላይ ሆነው። ስም አልፈልግም። እኔ ድሬሰርነት በተማርሁበት በደሴ የበሽተኛ ምስጢር ያወጣ ሰው በዚያው ቀን ይባረር ነበር። ዛሬም እንደዚያው ይሁን። አለቃሽን አስፈቅጂ። በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ በስልክ አምስትና አሥራ አምስት ይምታታል። በወረቀት፣ በቀለም፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ላኪልኝ።

ይህን ሰው የማንቀው በተሸለመበት በዚያው አኃዝ ነው።

አክስትሽ መሪማ ሰይድ

*

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ እማ መሪማ፣

ረመዳን ሙባረክ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? በዘገየሁበት ይቅር ይበሉኝ። አለቃዬን ለማስፈቀድ ሦስት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ገባሁ። «ስም አይውጣ እንጂ ቁጥሩን አውጪው፣ እኔም እፈልገዋለሁ» አለኝ። ባለቤቴ አብዱልመጂድ እጅ ነስቷል፤ «እማ መሪማ ሥራ ከሰጡሽ ከቤት ስትወጪ ስትገቢ ዝም ብዬ አይሻለሁ» ይላል።

ካርዶቹን አየኋቸው። በመጨረሻ ደረጃ ከደረሱት ሴቶች ውስጥ ከከሚሴ ከተማ ወደ ስልሳ ይሆናሉ። ከቡርቃ ዲማ ሦስት ብቻ ናቸው። የሌሎቹ ወረዳዎችም በሰሌዳው ላይ እንዳዩት ነው። እማ፣ እንዳልዋሽዎት፣ ካርዱ የሚለው ሰሌዳው ያለውን ነው።

ሰውየውን ለአላህ ቢተዉት ምናለ? አንዳንድ ነገር ሲነካካ ያልታሰበ ነገር ይወጣል። እናቴ እንደሁ አትመለስም።

ልጅዎ ፊርደውስ

*

ከሚሴ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለፊርደውስ

ደብዳቤሽን በቀይ አርሜ መልሼልሻለሁ። «ወደ ስልሳ ይሆናሉ» ማለት ምንድን ነው? ሃምሳ ስምንት ነው? ስልሳ አራት ነው? በቤቴ አራት ዓመት ተቀምጠሽ ስትማሪ «ወደ» የሚባል ቁጥር አስተምሬሽ ነበር?

ለአላህ የሚተወውን ለአላህ ትቻለሁ። ይህ የኔ ድርሻ ነው።

አሁን አስቢ። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች በከሚሴ ዘጠኝ ሺህ ናቸው፤ በቡርቃ ዲማ አሥራ ስምንት ሺህ። ወረዳን ከወረዳ የሚያወዳድር ሰው ስንት ሴት ከስንት ሴት ብሎ ያካፍላል። ባንቺ ወረቀት ከከሚሴ ሴቶች ከየሺሁ ሰባት ገደማ ሲሆኑ፣ ከቡርቃ ዲማ ከስድስት ሺህ አንዲት ናት። አንድ ውሃ የሚጠጡ፣ አንድ እህል የሚበሉ፣ እርስ በርስ የሚጋቡ ሰዎች ናቸው። ከሚሴ ደግሞ ሐኪሙም መኪናውም ደጃፏ ላይ ነው። ጭራሽ በአርባ እጥፍ ልትብስ ነው?

በሽታው እንዲህ አይሠራም። እንዲህ የሚሠራ ጸሐፊ ነው።

የከሚሴዎቹን ካርዶች መልሰሽ አውጪና የቤት ቁጥራቸውን ላኪልኝ። ስም አሁንም አልፈልግም። ከአንድ ቤት ስንት ሴት እንደመጣ ብቻ። ለዒድ ስትመጪ ይዘሽው ነይ።

መሪማ ሰይድ

*

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 16 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ እማ መሪማ፣

ለዒድ ባለመምጣቴ አፍሬ ነው የምጽፈው። ሥራ በዝቶብኝ ነው። መሪማን የሚያህል ሰው በሥራ አታታልዪ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንደዚያ ብለው ይያዙልኝ።

ያዘዙኝን በሁለት ቀለም ጽፌ አያይዣለሁ። የከሚሴዎቹ ልክ ስልሳ ሁለት ናቸው። ሳየው እኔም ደነገጥኩ። ከቤት ቁጥር 214 አሥራ ዘጠኝ ሴት፣ ከ118 አሥራ አራት፣ ከ305 ዘጠኝ። የቀሩት ከየቤቱ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር አሥራ ዘጠኝ ሴት እንዴት በካንሰር ይያዛል? አለቃዬ «ውሃው ይመርመር» አለ።

በቀይ ያረሙትን ደብዳቤ አብዱልመጂድ አንብቦ እስኪበቃው ሳቀ።

ፊርደውስ

*

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለፊርደውስ

ለአለቃሽ ውሃውን ይተወው በይው።

ቤት ቁጥር 214 የእህል ነጋዴው የሙሀመድኑር ቤት ነው፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አካም ቡልተኒ እማ መሪማ! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊወጉ መጡ?»

«አንተን። ካንተ ቤት አሥራ ዘጠኝ ሴት በካንሰር አዲስ አበባ ሄዳለች። አሥራ ዘጠኝ እህት አለህ?»

ሚስቱ ሀዲጃ ከጓዳ ሰማችን። «ማሎ፣ ያሉት ሦስት ናቸው! እነሱም ድንጋይ ቢበሉ አይታመሙም። ትናንት መጥተው ስኳሬን ጨርሰውት ሄዱ።»

እሱ ግን አልሳቀም። «ለቀበሌው ‹ቤተሰቤ ናት› ብዬ ምዬ ነው ያጻፍኋት። አሁን በሽምግልናዬ ውሸታም ሊያደርጉኝ ነው?»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ፤ እንዴት እስከዛሬ እንዳልገባኝ ግን አልገባኝም። ጀሚል ወረቀት አልጽፍም ያላት ሴት ከቡርቃ ዲማ ተነስታ ከሚሴ ትመጣለች። ዘመድ ካላት ዘመድ ቤት፣ ከሌላት ባሏ እህል የሚሸጥለት ነጋዴ ቤት ታርፋለች። ያለ ቀበሌ ወረቀት ነፃ ሕክምና የለም። ባለቤቱ ቀበሌ ይዟት ይሄዳል። «የማን ናት?» ሲባል በኛ አገር እንግዳውን የኔ አይደለችም የሚል ሰው አለ? «የኔ ናት» ይላል። የቤቱ ቁጥር ይጻፍላታል። በአንድ ጧት የከሚሴ ሴት ትሆናለች። ታማ ስትሞትም ለከሚሴ ትቆጠራለች። ጀሚል ንጹሕ ነው! ያልላካቸው ሴቶች በሙሉ ከመዝገቡ ወጥተውለታል። ያሸለመው የሙሀመድኑርና የመሰሎቹ እንግዳ ተቀባይነት ነው።

«ማንም ውሸታም አይልህም» አልሁት። «እንግዳ አሳድረሃል። ብቻ ከየት የመጡ እንግዶች ነበሩ?»

እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ሀዲጃ በጣቷ ትቆጥር ጀመር። በስም አይደለም፤ በያዙት ነገር። ማሽላ ይዛ የመጣችው። ዶሮዋ መናኸሪያ ላይ ያመለጠቻትና ሰፈሩ ሁሉ ያባረረላት። ሽታው እንዳይሰማ ደረቷ ላይ ሎሚ የምታስረው። አሥራ ሰባት ስትደርስ ቆመች። ባሏ ሳይዞር «ሁለቱን እኅትማማቾች ረሳሻቸው» አለ። ሁሉም ከቡርቃ ዲማ።

ሃያ ቤት ዞሬያለሁ። ጨፋ ሮቢት ድረስ ወርጄ በገበያ ቀን ዘመዶቻቸውን አግኝቻለሁ። ከላክሽልኝ ስልሳ ሁለት ሴቶች ሃምሳዎቹ የቡርቃ ዲማ ናቸው። በእያንዳንዷ ፊት ሁለት ነገር ጽፌያለሁ፦ እብጠቱን መጀመሪያ ያየው የጤና ሠራተኛ ማን ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትላክ ስንት ወር አለፈ። የጀሚልን ስም ስንቴ እንደጻፍሁት ብታዪ! በጻፍሁት ቁጥር ቀለሙ እስኪደርቅ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኛል።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። የኔ ቤት ቁጥር 77 ነው። እናትሽን ይዤ ቀበሌ የሄድሁት እኔ ነኝ። «የማን ናት?» ሲለኝ «የኔ ናት» ብያለሁ። በዝርዝርሽ ውስጥ 77 የለም።

የእናትሽ ካርድ የት ነው?

መሪማ ሰይድ

*

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1997 ዓ.ም.

ውድ እማ መሪማ፣

ለዚህ ደብዳቤ ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። ዓፊያ ይስጥዎት።

ካርዱን ከመደርደሪያው ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ነው ያለው፣ ከቁርኣኑ ሥር። አለቃዬ ቢያውቅ ያባርረኛል፣ ይገባኛልም። እንዳይቆጠር ብዬ አልነበረም። እርስዎ እንዳያዩት ብዬ ነው።

ካነበብኩት ቆይቷል። እናቴ በሞተች በአርባኛው ቀን ሥራ ስገባ መጀመሪያ የፈለግኩት እሱን ነበር። ሐኪሙ «መቼ ጀመረሽ?» ብሎ ሲጠይቃት የመለሰችለት እንዲህ ተጽፏል። እንዳለ ልገልብጥልዎ፦

«ታኅሣሥ 1992፣ በዒድ ማግሥት። ለታላቅ እህቷ አሳየች፤ እህቷ ድሬሰር ናት። የተቋጠረ ወተት ነው፣ ልጁን ጡት ስታስጥዪ ይሟሟል፣ ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት ተባለች። አሥራ አራት ወር ጠበቀች። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።»

ጀሚል ዘንድ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው፣ የካቲት 1993።

ሁለት ዒድ ቤትዎ መጥቼ በልቻለሁ፣ አንድ ቃል አልተናገርኩም። በሦስተኛው መምጣት አቃተኝ። ተቆጥተሽ ነው ወይ ቢሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ተቆጥቻለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ፀጉሬን እየጎነጎኑ ማባዛት ያስጠኑኝ የነበረው ትዝ ይለኛል። ሰባት ስምንት ሃምሳ ስድስት ሲሉ ፀጉሬን ሳብ ያደርጉት ነበር።

እማ፣ ያለ እሷ የቡርቃ ዲማ ቁጥር ሃምሳ ሦስት ነው። ሃምሳ ሦስት ጀሚልን ይጥለዋል። እሷን ከጨመሩ ግን ካርዱን ይዞ ፊትዎ ላይ ይወረውረዋል። «መጀመሪያ ያዩት እርስዎ አይደሉም ወይ?» ይልዎታል፣ በሰው ፊት። ይተዉት። እኔ ካርዱን ቀስ ብዬ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ ማንም አያየውም።

ፊርደውስ

*

ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለፊርደውስ

ካርዱን ዛሬውኑ መልሽ። ለአለቃሽም ራስሽ ንገሪው። የሕሙማን ካርድ ቤት አይገባም፤ የእናትም ቢሆን።

ሃምሳ ሦስት ለአሥራ ስምንት ሺህ ሲካፈል ከሺህ ሦስት አይሞላም። ሃምሳ አራት ነው የሚሞላው። ይህን ሁሉ የጀመርሁት ለዚያች ለአንዲቷ ነው፤ እሷን አስቀርቼ የሌሎቹን ደም የምጠይቅበት ምን አፍ አለኝ?

ረስተውት ይሆናል ብለሽ አታስቢ። አልረሳሁም። በሁለት ጣት ነው የነካሁት። የባቄላ ፍሬ ያህል ነበር፣ ከጣቴ ሥር አልሸሸም። የማይሸሽ እብጠት ምን ማለት እንደሆነ በደሴ በመጀመሪያው ዓመት ተምረናል፤ አሠልጣኛችን ያንን የሳተችዋን ልጅ አንድ ሳምንት ወለል አስጠርጋታለች። ቤቱ በዒድ እንግዳ ሞልቶ ነበር። ታናሽ ወንድምሽ ያለቅስ ነበር። እሷም «ምንም አይደለም በዪኝ» የሚል ዓይን ነበራት፣ እኔም ምንም አይደለም አልኋት። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን በሽተኛ ሁሉ መዝግቤያለሁ። እህቴ ናት ብዬ ያንን ቀን አልመዘገብሁትም። ያልመዘገብሁትን እንዳልነበረ ቆጥሬው ኖርሁ። ቀኑን አስተውይ፤ ይህን የምጽፍልሽ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ነው።

ጀሚል ካርዱን ፊቴ ላይ ይወረውረዋል ብለሻል። የሚወረውረው ነገር አይኖረውም።

ከሱ ጋር አታስተካክይኝ፤ እሱ አውቆ ነው የመለሳት። ከዝርዝሩ ግን አታውጪኝ። አሥራ አራት ወር የኔ ነው፣ አሥራ አንድ ወር የሱ። እኔ የኔን እወስዳለሁ። እሱም የሱን ይወስዳታል፣ ከነወለዷ!

ስብሰባው ጥር 27 ነው።

መሪማ ሰይድ

*

ከሚሴ፣ የካቲት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለፊርደውስ

አለቃሽ ከማባረር ይልቅ ማስጠንቀቂያ ጻፈብሽ መባሉን ሰማሁ። ትክክል አድርጓል፤ ሁለቱንም።

ስለ ስብሰባው ጠይቀሻል። ረጅም ነገር አልጽፍም። ሊሾሙት ስሙን ሲጠሩ እጄን አወጣሁ፣ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ሁለቱን ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ለጠፍሁ፤ በቤት ቁጥር የተቆጠረውንና ሴቶቹ በኖሩበት የተቆጠረውን። በመጀመሪያው ከሚሴ ከሺህ ሰባት፣ ቡርቃ ዲማ ከስድስት ሺህ አንድ። በሁለተኛው ከሚሴ አሥራ ሁለት ሴት፣ ቡርቃ ዲማ ሃምሳ አራት፣ ከሺህ ሦስት፣ ከዞኑ ሁሉ የባሰ። ከዚያ መጀመሪያ ያየውን ሠራተኛ ማንበብ ጀመርሁ። የመጀመሪያው መስመር «ድሬሰር መሪማ ሰይድ፣ አንዲት ሴት፣ አሥራ አራት ወር» ነው። አነበብሁት። ወረቀቱን ዝቅ አድርጌ ቆምሁ።

«ሁለተኛው መስመር ያንተ ነው፣ አቶ ጀሚል» አልሁት። «እኔ የኔን ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እማ፣ ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል» አለኝ።

«አንተ ሳትነሳ አልቀመጥም።»

ሙሀመድኑርን ለምስክርነት አምጥቼው ነበር። ከኋላ ወንበር «ተነስ እንጂ ሰውዬ፣ አሮጊት ቆማለች!» ብሎ ጮኸ። ያን ጊዜ ጀሚል ተነሳ። መጀመሪያ ወደሱ የሄዱት አርባ ሰባት ናቸው። ስድስቱ ማንም የጤና ሠራተኛ ሳያያቸው ከሚሴ የደረሱ ናቸው፤ በሱ አላሳበብሁም። አርባ ሰባቱን አንድ በአንድ፣ የመጣችበትን ወር፣ ወረቀት የተከለከለችበትን ወር ብዛት፣ አነበብሁለት። አምስቱ ደቂቃ አለቀ፤ ማንም አላስቆመኝም። ሃያ ላይ ስደርስ ወንበሩን ይዞ ነበር። ሠላሳ ላይ መሐረብ አወጣ። በቀስታ ነው ያነበብሁት። ፈጥኜ ማንበብ እችል ነበር።

ሹመቱ ቀርቷል። የምስክር ወረቀቱን መልስ ተብሏል። ከእንግዲህ ከሚሴ የምትመጣ በሽተኛ ያደረችበት ሳይሆን የመጣችበት ቀበሌ ይጻፍላታል ተብሎ ተወስኗል። በሚመጣው ዓመትም ቆጥሬ አየዋለሁ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። አምስት ሰው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው። «አውፍ በዪው፣ ይቅር በዪው» አሉኝ። «የአርባ ስምንት ቤት ነገር ነው፣ እናንተ የመጣችሁት አንድ ቤት ነው። አርባ ሰባቱን ዞራችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ» አልኋቸው። ታላቁ ሽማግሌ «ያንቺስ?» አለኝ። የኔም የኔ አይደለም አልሁት። የዘይና ልጅ ናት ባለቤቷ። ለሱ አሥራ አንድ ወርም፣ ለኔ አሥራ አራት ወርም፣ አውፍ የምትይው ወይ የማትይው አንቺ ነሽ። ሽማግሌ አልልክብሽም። እኔ ራሴ እንኳ በዚህ ደብዳቤ አልለምንሽም።

አንድ ሥራ ግን አዝሻለሁ፣ አለቃሽን አስፈቅደሽ። የእናትሽን ካርድ አውጪና አድራሻውን አርሚ። እንዳትፍቂው። ከሚሴ፣ ቤት ቁጥር 77 በሚለው ላይ አንድ መስመር ብቻ አስምሪ፣ የቀድሞው ከሥሩ ይነበብ። ከላዩ ቡርቃ ዲማ ብለሽ ጻፊ፣ ጎኑ ላይ ፈርሚ። እኔ ዘንድ እንግዳ ነበረች። ወደ አገሯ ትመለስ።

«ታላቅ እህቷ» የሚለውም ጉድለት ነው። የጤና ሠራተኛ በስም ነው የሚመዘገበው። ሙሉውን ጻፊው፦

መሪማ ሰይድ